የዲጄ ኮንትሮለር የሚሸጥ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ

የዲጄ ኮንትሮለር የሚባለው መሣሪያ ሲታይ ሁለት የሸክላ ማጫወቻና አንድ የድምፅ ማቀላቀያ በአንድ ሣጥን የተሰበሰቡበት ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቹ ለብቻቸው ሙዚቃ አያሰሙም፤ ዘፈኑን የሚያጫውተው በኮምፒዩተር ላይ የሚጫነው ፕሮግራም ነው። መሣሪያው የእጅን እንቅስቃሴ፥ ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. በወጣው ሚዲ በተባለው ሥርዓት፥ ለፕሮግራሙ ያስተላልፋል። ይህን ያልተረዳ ገዢ ደኅናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሳል፤ ነጋዴውም ያለ ጥፋቱ ይከስራል።

ስለዚህ ዕቃው ከመሸጡ በፊት በሱቁ ውስጥ ተሞክሮ ቢታይ ይበጃል። አንደኛ፥ ፕሮግራሙና ፋብሪካው ያዘዘው ድራይቨር ካለ እርሱም ይጫናል። ሁለተኛ፥ መሣሪያው ያለ ማከፋፈያ በዩኤስቢ ገመድ በቀጥታ ከኮምፒዩተሩ ጋር ይያያዛል። ሦስተኛ፥ ዋናው የድምፅ መውጫ ከማጉያው ጋር ይገናኛል፤ የጆሮ ማዳመጫው በመሣሪያው ላይ ይሰካል፤ በፕሮግራሙም የድምፅ መውጫ ሆኖ ኮንትሮለሩ ይመረጣል። ድምፁ ከኮምፒዩተሩ ብቻ ቢወጣ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ በዚህ ምርጫ ላይ ነው። ድምፁ ቢቆራረጥ የባፈሩ መጠን ከፍ ይደረጋል፤ ከልክ ካለፈ ግን ድምፁ ከእጅ ይዘገያል።

አስመጪዎች የፕሮግራሙን ፈቃድ ማጣራት ይገባቸዋል። ለምሳሌ ሴራቶ ዲጄ ላይት በነፃ ይገኛል። ሴራቶ ዲጄ ፕሮ ግን አንዳንዱ መሣሪያ ሲያያዝ በራሱ ይከፈታል፤ ለሌላው ፈቃዱ ለብቻው ይገዛል። ክፍያው በውጭ አገር ገንዘብ ስለ ሆነ፥ ደንበኛው ይህን ከመግዛቱ በፊት ሊነገረው ያስፈልጋል።