ሚዛን የማይናገረው መመንመን

አባት ታመው ሲከርሙ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀው «ኪሎአቸው ስንት ደረሰ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በአፍ፣ በጉሮሮ ወይም በማንቁርት ካንሰር ለተያዘ ሰው ሚዛን ብቻውን በቂ ምስክር አይደለም። ወፈር ያለ ሰው እንኳ ከስቡ ሥር ጡንቻው አልቆ ሊገኝ ይችላል።

ሐኪሞች ይህን የጡንቻ መመንመን «ሳርኮፔኒያ» ይሉታል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «የሥጋ እጦት» እንደማለት ነው። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሕክምና ሲጀምሩ ጡንቻቸው የሳሳ የእነዚህ ካንሰሮች ሕሙማን በሕይወት የሚቆዩበት ጊዜ በአማካይ ከሌሎቹ ያጠረ ነው።

ጡንቻ ለምን ይመነምናል? ዕጢው መዋጥ ያስቸግራል፤ የጨረር ሕክምናው አፍን ያቆስላል፤ በሽታው ራሱም በሰውነት ውስጥ በሚቀሰቅሰው መቆጣት ጡንቻን ያፈርሳል። የብዙዎቹ ካንሰር መድኃኒቶች መጠን የሚሰላው ደግሞ በቁመትና በክብደት ነው። ስለዚህ ጡንቻው ያነሰ በሽተኛ መድኃኒቱ ሊከብደውና ሕክምናውን ሊያቋርጥ ይችላል።

በ2016 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ የዩትሬክት ሐኪሞች አንድ ቀላል መንገድ አመለከቱ። ለዕጢው ምርመራ በተነሳው የሲቲ ስካን ምስል ላይ፣ በሦስተኛው የአንገት አጥንት አካባቢ ያለውን ጡንቻ በመለካት የመላ ሰውነትን ጡንቻ መገመት ይቻላል። ቤተሰብም የሚያስተውለው ምልክት አለ፦ በሽተኛው በእጁ ሳይደገፍ ከወንበር መነሳት ሲያቅተው፣ እርምጃው ሲዘገይ ለሐኪም መንገር ይገባል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም። የአውሮፓ የሥነ ምግብ ሕክምና መመሪያ ለካንሰር ሕሙማን በየቀኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 ግራም በላይ፣ ቢቻል እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመክራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ በወተት የተሠራ አጥሚት፣ እርጎ፣ በርበሬ ያልገባበት የላመ ምስር በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ማቅረብ ይጠቅማል። ኩላሊቱ የታመመ ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ሲውጥ የሚያስለው ከሆነም ዝም አይባል። በቱቦ መመገብ የተስፋ መቁረጥ ምልክት አይደለም።

«ታሟልና ይተኛ» ማለትም ሁልጊዜ ርኅራኄ አይሆንም። ሐኪሙ ከፈቀደ በእግር መራመድና ቀላል ክብደት ማንሳት ጡንቻን ይጠብቃል። ረመዳን ሲገባም በሽተኛው ከቤተሰቡ ላለመለየት ብሎ ራሱን እንዳይጎዳ እንምከረው። ቁርኣን ለታመመ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ቀን እንዲያስተላልፍ ፈቅዶለታልና።