ኦቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ አልቀይር ሲል

ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ማርሹን እያዘገየ ሲቀይር፥ ወይም ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ሲል፥ ብዙ ሰው «ካምቢዮው ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ለአዲስ ካምቢዮ የተከፈለው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። ስለዚህ የምርመራውን ተራ በአጭሩ ለመግለጽ አሰብን።

ኦልድስሞቢል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. ካቀረበው ሃይድራማቲክ ጀምሮ የብዙዎቹ መሠረት አንድ ነው፤ ይኸውም ፓምፕ የሚገፋው ዘይት ፍሪሲዮኖችን አጣብቆ ማርሹን ያስገባል። ዛሬ ለዘይቱ መንገድ የሚከፍቱትንና የሚዘጉትን የኤሌክትሪክ ቫልቮች የሚያዘው ኮምፒዩተር ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ዘይቱ፥ ፋብሪካው ባዘዘው መንገድ፥ ይመርመር። ካነሰ ፓምፑ አየር ይስባል፥ ግፊቱም ይወድቃል። ጠቍሮ የማረር ሽታ ካለው ፍሪሲዮኖቹ መቃጠላቸው ያሠጋል። እንደ ወተት ከደፈረሰ ውሃ ገብቶበታል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከራዲያተሩ የሚመጣ ነው።

ሁለተኛ፥ በኮምፒዩተሩ የተመዘገበው የብልሽት ቍጥር ይነበብ። ፒ0700 የተባለው ቍጥር በካምቢዮው መቈጣጠሪያ ችግር መኖሩን ያስታውቃል እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይናገርም፤ አብሮት የተመዘገበው ሌላ ቍጥር መፈለግ አለበት።

ሦስተኛ፥ መኪናው በመንገድ ይፈተን። ማርሹ ሁሉ የሚንሸራተት ከሆነ የጋራው የዘይት ግፊት ይጠረጠራል፤ አንዱ ብቻ ከሆነ ግን የዚያው ማርሽ ቫልቭ ወይም ፍሪሲዮን ነው።

ካምቢዮውን ማውረድ የሚገባው ከነዚህ ሦስቱ በኋላ ነው። ቫልቭ ብዙ ጊዜ ካምቢዮው ሳይወርድ ይለወጣልና፥ ሳይመረምሩ መፍታት ለባለቤቱም ለመካኒኩም ጉዳት መሆኑን እናምናለን።