አሮጌ ማዘርቦርድ እንዴት ይመዘናል?

ለኮምፒውተር ክፍላችን ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በስጦታ ሲመጡ ተማሪዎቻችን መጀመሪያ የሚጠይቁት ዕድሜያቸውን ነው። ዕድሜ ግን ብቻውን መመዘኛ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን የኢንቴል 440ቢኤክስ ቺፕሴትና በ2000 የወጣውን 815 እናነጻጽር። 815 በ133 ሜጋኸርዝ ስለሚሠራ ባለ 100 ሜጋኸርዙን 440ቢኤክስ በፍጥነት ይበልጠዋል፤ ነገር ግን ከ512 ሜጋባይት በላይ ሜሞሪ አይቀበልም። ታላቅዬው በቂ መሰኪያ ካለው እስከ 1 ጊጋባይት ይይዛል። ብዙ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ለሚከፍት ተማሪ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ቀጥሎ ጉዳቱን እንመርምር። ኤሌክትሪክ ከመሰካታችን በፊት ካፓሲተሮቹን እንይ፤ አናታቸው ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጡ ይለወጡ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ቦርዶች የተበላሹት በዚሁ ነው። በ386 እና በ486 ዘመን ቦርዶች ላይ ደግሞ የተበየደው ባትሪ እያፈሰሰ የመዳብ መስመሮቹን ይበላል፤ ቶሎ ካልተነሣ ቦርዱ አይተርፍም። በኋላ የመጣው ሳንቲም መሳዩ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ሲደክም ግን የሚጠፋው ሰዓቱና የተመዘገበው ቅንብር ነው።

ስለዚህ ሰዓቱን የረሳ ቦርድ አይጣል፤ ባትሪው ይቀየርለት። ካፓሲተሩ ያበጠ ግን ሳይጠገን ተማሪ ፊት አይቀመጥ።