ቢራ ጠማቂው «ተማሪ»

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ መምህራችን ሰሌዳው ላይ «የስቱደንት ቲ ቴስት» (አማካዮችን የምናነጻጽርበት ስሌት ነው) ብሎ ሲጽፍ፣ ለእኛ ለተማሪዎች ቀለል ተደርጎ የተዘጋጀ መስሎኝ ነበር። «ዋናውን መቼ ነው የምንማረው?» ብዬ አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ ጠየቅሁት፤ እሱም «ሦስተኛ ዓመት ይሆናል» አለኝ። ስቱደንት የብዕር ስም መሆኑን የሰማሁት እኔው ራሴ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ሰውየው ዊልያም ጎሴት ይባላል። ደብሊን ውስጥ በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው ጥናት እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ በ1908 እ.ኤ.አ. ጽሑፉን «ስቱደንት»፣ ማለትም «ተማሪ»፣ ብሎ ፈርሞ አወጣው። ያወጣለት ደግሞ ባዮሜትሪካ የሚባል፣ ገና የ7 ዓመት ዕድሜ ያለው መጽሔት ነበር።

ባዮሜትሪካ የተወለደው ከኩርፊያ ነው። በ1900 የስታቲስቲክስ ሊቁ ካርል ፒርሰን ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ ጥናት አቀረበ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ባዮሎጂስቱ ዊልያም ቤትሰን ነበር። ጥናቱ ሙሉውን ታትሞ ሳይወጣ የቤትሰን ትችት ቀድሞ ታትሞ ለአባላቱ ታደለ። ቆይቶም ማኅበሩ ሒሳብና ባዮሎጂ ተለያይተው ይቅረቡ አለ። ፒርሰን በዚህ ተቆጣ (እኔም ብሆን እቆጣ ነበር)። ወዳጁ ራፋኤል ዌልደን የራሳችንን መጽሔት እናቋቁም ሲል ሐሳብ አቀረበ፤ ሽማግሌው ሳይንቲስት ፍራንሲስ ጋልተንም ደገፋቸው። የመጀመሪያው እትም በጥቅምት 1901 ወጣ። ጋልተንና ፒርሰን «ዘር ማሻሻል» የሚለውን አስተሳሰብ ያራመዱ ሰዎች መሆናቸውን ግን ለተማሪዎቼ ሳልነግር አላልፍም።

የመጀመሪያዎቹ ቅጾች በልኬት የታጨቁ ናቸው፤ የራስ ቅል፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የአበባ። በ1902 ማክዶኔል የተባለ ሰው የ3000 እስረኞችን ቁመትና የግራ እጅ መሐል ጣት ርዝመት በሠንጠረዥ አሳተመ። ይህን ማን ያነበዋል ያሰኛል።

ጎሴት አነበበው። የጎሴት ችግር የገብስ ሙከራው ነበር፤ በእጁ ያለው ጥቂት ልኬት ብቻ ሲሆን፣ የዘመኑ ቀመር ግን የተሠራው ለብዙ ልኬት ነው። ስለዚህ ለጥቂት ልኬት የሚሆን ቀመር፣ የቲ ቴስቱን መሠረት፣ አወጣ፤ ሊፈትነውም የ3000ውን እስረኞች ልኬት በ3000 ካርዶች ላይ ገለበጠ፤ እንደ ካርታ በደንብ በወዘ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እያወጣ አራት አራቱን ቡድን አደረጋቸው። 750 ቡድን ሆነ። የየቡድኑን አማካይ በእጁ እያሰላ፣ ቀመሩ የተነበየው ስርጭትና ካርዶቹ የሰጡት ስርጭት መቀራረባቸውን አመሳከረ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ፒርሰን ጥቂት ልኬት ይዞ ለሚደክም ሰው ብዙም ግድ አልነበረውም። ቢሆንም አተመለት፤ ከአዘጋጅነቱ ሁሉ እኔ የማደንቅለት ይህን ነው።

ሌላው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸርም በ1915 እዚያው ባዮሜትሪካ ላይ ጻፈ፤ በኋላ ከፒርሰን ጋር ዓይንና ናጫ ሆኑ። ፒርሰን በ1936 እስኪሞት የአዘጋጅነት ወንበሩን አልለቀቀም፤ ልጁ ኤገን እስከ 1966፣ ዴቪድ ኮክስ ደግሞ እስከ 1991 አዘጋጁ። በ90 ዓመት ሦስት ዋና አዘጋጅ! ዛሬ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የሚያሳትመው ባዮሜትሪካ ከራስ ቅል ርቆ ወደ ንድፈ ሐሳብ አዘንብሏል።

እኔም ከካርቶን የቆረጥኳቸው 200 ካርዶች አሉኝ፤ የክፍል ተማሪዎች ቁመት ተጽፎባቸዋል። በየዓመቱ ተማሪዎቼ በውዘው አራት አራት ያወጣሉ። የአንዱ ቡድን አማካይ 161፣ የጎረቤቱ 174 ሲመጣ «ተሳስታችኋል!» እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። ሲጨርሱ ካርዶቹን በላስቲክ አስሬ መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ። ጫፋቸው ተበልቷል።