ከጨረታው ገጽ የሚጀመረው ጋዜጣ

አንበሳሜ ላይ አዲስ ዘመን ጋዜጣ እጃቸው የገባ አንድ የእህል ነጋዴ የመጀመሪያውን ገጽ ሳያዩ ገለበጡት። ርዕሰ አንቀጹንም አለፉት። ቀጥታ የገቡት ወደ ጨረታው ነው። “በታሸገ ኤንቨሎፕ”፣ “የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ” የሚሉትን መስመሮች በጣታቸው እየተከተሉ መጀመሪያ የፈለጉት ሳጥኑ የሚዘጋበትን ቀን ነበር፤ ጋዜጣው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ ከዚያ በሐሙሲት በኩል እስኪደርሳቸው ቀናት አልፈውበታልና። ርዕሰ አንቀጹን ለምን እንዳላነበቡት ስጠይቃቸው “እሱንማ ሳላነበውም አውቀዋለሁ ልጄ” አሉኝ።

ከጓዳቸው ግድግዳ ላይ ደግሞ የቆየ አዲስ ዘመን ተለጥፏል። በኢሕአዴግ ዘመን የታተመው ገጽ ጥጉ ላይ ተቀዷል፤ ከሥሩ የደርግ ዘመኑ ብቅ ብሏል። የሁለቱም ስም አንድ ነው፣ አዲስ ዘመን። ሁለቱም ያሞግሳሉ። የሚሞገሱት ሰዎች ግን አንዱ ሌላውን በጦርነት የጣለ ነው።

በውጭው ዓለም አንድ ትልቅ የከተማ ዕለታዊ ጋዜጣ ምርጫ ሲደርስ “እገሌን ምረጡ” ብሎ በርዕሰ አንቀጹ ይጽፋል። ኒውዮርክ ታይምስ ይህን ማድረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1860 ሊንከንን በመደገፍ ነው። ለመሆኑ የእኛው ትልቁ ዕለታዊ ማንን ደግፎ ያውቃል? መልሱ ቀላል ነው፤ ሁሉንም፣ በየተራቸው። ከባዱ ጥያቄ ይህን ሲያደርግ ለምን አንድም ደንበኛ አልጎደለበትም የሚለው ነው።

እንደሚታወቀው አጼ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት ንግግራቸው አዲስ ዘመን መጀመሩን አበሰሩ። ጋዜጣው ግንቦት 30 ቀን፣ ማለትም በ33ኛው ቀን፣ ይህንኑ ስም ይዞ ወጣ። በመጀመሪያ ሳምንታዊ ነበር፤ ዕለታዊ የሆነው በ1950ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። ከእርሱ በፊት ጋዜጣ አልነበረም ማለት አይደለም። በአጼ ምኒልክ ዘመን አንድሬያስ ካቫዲያ የተባለ ግሪካዊ አእምሮን በእጅ እየጻፈ በ24 ቅጂ ያሠራጭ እንደነበር ይነገራል። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ ብርሃንና ሰላም ተከትሏል። ሁለቱም ግን ዛሬ የሉም። ሦስት ሥርዓቶች ሲወድቁ ቆሞ ያየው አዲስ ዘመን ነው።

በውስጡ የሠሩት ሰዎች ብዕር የማያውቁ አልነበሩም። በዓሉ ግርማ ዋና አዘጋጁ ነበር። ጳውሎስ ኞኞ “አንድ ጥያቄ አለኝ” በሚለው ዓምዱ ከየጠቅላይ ግዛቱ ደብዳቤ ይጎርፍለት ነበር፤ ያን ጊዜ ሰው ጋዜጣውን ከጨረታው ገጽ አልነበረም የሚጀምረው። ችሎታ አልጎደለም። የጎደለው የባለቤትነት ጉዳይ ነው።

1966 ዓ.ም. ሲገባ ጃንሆይ በጋዜጣው ላይ በሙሉ ማዕረጋቸው ነበሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ ጋዜጣውም ከአዲሶቹ ጋር “ኢትዮጵያ ትቅደም” አለ። የሠራተኛው ፓርቲ ሲደራጅ ሠርቶ አደር የሚባል የራሱ ጋዜጣ ነበረው። ስለዚህ አዲስ ዘመን ቢያንስ በወጉ የመንግሥት እንጂ የፓርቲ ልሳን አልነበረም፤ ይሁንና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን መፈለግ ትዕግሥት ይጠይቃል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ወጡ፣ ኢሕአዴግ ግንቦት 20 ገባ። ስሙን የቀየረ የለም። ለነገሩ ማን ይቀይረዋል? ለገባው ሁሉ የሚስማማ ስም ነው፤ “አዲስ ዘመን” መጣ ብሎ የማይገባ መንግሥት የለም። በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሲቀየርም ጋዜጣው ለውጡን አመሰገነ፤ ያለፉት 27 ዓመታት በተራቸው የወቀሳ ርዕስ ሆኑ።

የማይለዋወጥ ድጋፍ ለነጋዴ መረጃ አይደለም። ሁልጊዜ “ዋጋው ጥሩ ነው” የሚል ደላላ ምንም እንዳልነገረ ይቆጠራል። የአዲስ ዘመን ቃል ክብደት የሚኖረው ሲደግፍ ሳይሆን ሲያወግዝ ነው። ይህም በተግባር ታይቷል። በ1997ቱ ምርጫ ለተወዳዳሪ ፓርቲዎች በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ጊዜና ቦታ ተሰጥቶ ነበር። ከምርጫው ማግስት ግን የግል ጋዜጦች ተዘጉ፣ አዘጋጆቻቸውና አሳታሚዎቻቸው ታሠሩ። ከዚያ በኋላ የወጣው አዲስ ነገር ጋዜጣ በ2002 ዓ.ም. ሲቋረጥ፣ አዘጋጆቹ ለስደታቸው ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ በአዲስ ዘመን ላይ የተከታተለባቸው ጽሑፍ ነበር። የአውራምባ ታይምሱ ዳዊት ከበደም በ2004 ዓ.ም. አገር ጥሎ ሲወጣ፣ ቀደም ብሎ በይቅርታ መፈታቱ ይታጠፍ የሚል ጽሑፍ በዚሁ ጋዜጣ ወጥቶበት ነበር። አስተያየት የተባለው ነገር ለእነዚህ ሰዎች ማስጠንቀቂያ ሆኖ ነው የተነበበው። በአንድ የግል ሳምንታዊ ላይ ማስታወቂያ የሚያወጣ ድርጅትም አብሮ ያነብበዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ማስታወቂያውን ቢያነሣ ማን ይፈርድበታል?

ወደ ደንበኛው ጉዳይ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ዋሽንግተን ፖስት ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ድጋፍ መስጠቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ባለቤቱ ጄፍ ቤዞስ ጋዜጣውን በ2013 በ250 ሚሊዮን ዶላር የገዛ፣ ከአሜሪካ መንግሥት ጋርም የሥራ ውል ያላቸው ኩባንያዎች ያሉት ሰው ነው። ውሳኔውን ተከትሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ250,000 በላይ ደንበኞች ምዝገባቸውን መሠረዛቸው ተዘገበ። ውሳኔው ትክክል ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንባቢው ግን የሚመታበት ዱላ ነበረው።

አንበሳሜ ያሉት ነጋዴ በአዲስ ዘመን ላይ ይህ ዱላ የላቸውም። በርዕሰ አንቀጹ ቢናደዱም ጋዜጣውን ይገዙታል። ምክንያቱም የፌዴራል መሥሪያ ቤት ግልጽ ጨረታ ሲያወጣ አገር አቀፍ ሥርጭት ባለው ጋዜጣ ያሳውቃል፤ ለዚህም አዲስ ዘመን የተለመደው ቦታ ሆኖ ኖሯል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ተማሪ የሚያበላ ተቋም ጤፍና ምስር፣ ዘይትና ማገዶ ይገዛል። ከጉና ሥር የሚመረተው ድንች፣ ከፎገራ የሚመጣው ሩዝና ሽንኩርት ለዚህ ዓይነቱ ገበያ ቅርብ ነው። ዜናው ግን አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል። በዚህ ላይ የባንኮች ሐራጅ አለ። አዋጅ ቁጥር 97/90 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት እንዲሸጡ ከፈቀደ ወዲህ የቤትና የመኪና ደላላ የሐራጁን ማስታወቂያ ሳያይ አይውልም። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ጨረታ ደግሞ ባሕር ዳር በሚታተመው በኩር ላይ ይወጣል፤ እርሱም ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ የክልሉ መንግሥት ሳምንታዊ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከቱ። መሥሪያ ቤቱ ለማስታወቂያው ከበጀቱ ይከፍላል፤ በጀቱ ከግብር ነው። ነጋዴው ግብሩንም ይከፍላል፣ ጋዜጣውንም ይገዛል። የርዕሰ አንቀጹን ወጪ ሁለት ጊዜ ሸፍኖ አንድም ጊዜ አያነበውም። የግል ዕለታዊ ጋዜጣ ለማቋቋም የተሞከረው ሳይዘልቅ የቀረውም በፖለቲካ ብቻ አይመስለኝም፤ ዕለታዊ አዲስ ከእንዲህ ያለ የጨረታ ገጽ ጋር ነበር መወዳደር የነበረበት።

ሕጉ ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ይህ የተጻፈው የግል ጋዜጣን ለመገሠጽ ሳይሆን እንደ አዲስ ዘመንና እንደ በኩር ላሉት ነው። በርዕሰ አንቀጹ ላይ ሲፈጸም ግን አላየሁም፤ አንባቢም ይህን ጠቅሶ ሲጠይቅ ብዙም አልሰማሁም።

አሁን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነው። ጨረታው ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ከሄደ፣ ገጹን ለማስታወቂያው ብቻ የሚገልጥ ሰው ጋዜጣውን የሚገዛበት ምክንያት ይጠፋል። ያኔ አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ገጥሞት የማያውቅ ገበያ ይገጥመዋል፤ ርዕሰ አንቀጹን ራሱን ፈልጎ የሚገዛ ሰው ማግኘት ይኖርበታል።

ለጊዜው ግን የአንበሳሜው ነጋዴ ከእጃቸው ያለው ወረቀት ነው። ያገኙት የእህል አቅርቦት ጨረታ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሲፒኦውን ለማሠራት፣ ሰነዱን ለመግዛት፣ ፖስታውንም አሽጎ ሳጥን ውስጥ ለመክተት መንገድ መግባት አለባቸው። ጋዜጣውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና መኪና ፍለጋ ወጡ።