የሚነበብ ገጽ፣ የሚመለስ አንባቢ

የመጻፍ ሸክም በልባችሁ ያለ ስንቶቻችሁ ናችሁ? በየአጥቢያችን ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ሥራና ስለ ኑሮ ብዙ የሚናገሩት ያላቸው ወገኖች አሉ። ዛሬ ደግሞ ለመጻፍ የማተሚያ ቤት ደጅ መጥናት አያስፈልግም፤ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ የራሱን ገጽ ከፍቶ መጻፍ ይችላል። ይሁን እንጂ ብዙው ገጽ ብዙ ሳይቆይ ይዘጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «ተባረክ፣ ቀጥል» ይላል። ሁለት ወር ሲሞላ ጸሐፊው ይደክማል፤ አንባቢውም ይጠፋል። ለምን ይሆን?

ይህ ጥያቄ እንደ ሾኔ ላለች ከተማ ትልቅ ጥያቄ ነው። ከሀላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች የባዳዋቾ ከተማ፣ እንደ ሆሳዕናና እንደ ሌሎቹ የሐዲያና የከምባታ ከተሞች ሁሉ፣ ብዙ ልጆቿን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሸኝታለች። ባል ጆሃንስበርግ ሱቅ ይጠብቃል፤ ሚስት ሾኔ ልጆች ታሳድጋለች። ሲደዋወሉ የሚያወሩት ስለ ጤናና ስለ ገንዘብ ነው፤ «ደረሰ ወይ? ምን ላይ ዋለ?» ይባባላሉ፤ ከዚያ ጥሪው ይቋረጣል። ሁለቱም በአንድ ምሽት የሚያነቡት አንድ መልካም ጽሑፍ ቢኖርስ? «አየሽው?» «አዎ፣ አንተስ ምን አልክ?» ለመባባል ምክንያት ያገኛሉ። እንዲህ ያለ ገጽ ከተዘጋ የሚጐዳው ጸሐፊው ብቻ አይደለም።

ታዲያ አንባቢን የሚጠራውና ጠርቶም የሚያቆየው ምንድን ነው?

ለአንድ ሰው ጻፉ

ወንጌላዊው ሉቃስ ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ተከታትሎ፣ በቅደም ተከተል የጻፈው ቴዎፍሎስ ለሚባል ለአንድ ሰው ነበር (ሉቃ. 1፥1-4)። ያ ለአንድ ሰው የተጻፈ መጽሐፍ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይነበባል። ብዙዎቻችን ግን ለሁሉም ሰው እንጽፋለን፤ ለሁሉም የተጻፈው ደግሞ ማንንም «ይህ የእኔ ነው» አያሰኝም።

ከመጻፋችሁ በፊት አንድ አንባቢ በዓይነ ልቦናችሁ አስቀምጡ። እንበል፣ ባሏ ከሄደ ሦስት ዓመት የሆነው፣ ቀን የእንሰት ሥራ ላይ ውላ ማታ ልጆቿን አስተኝታ ስልኳን የምትከፍት እናት። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልጋት ምንድን ነው? ስንት ደቂቃ አላት? በየትኛው ቋንቋ ብትጽፉላት ልቧ ይሞቃል? በቤቷ ሐዲይኛ የምትናገር ከሆነ፣ አማርኛችሁ ቀላልና ንጹሕ መሆን አለበት። የሰባኪ ቃላት የተደራረቡበት ጽሑፍ ያደክማታል። ሰሎሞን ስለሚባለው ሰባኪ ስናነብ፣ እውነተኛውን ቃል ብቻ ሳይሆን ያማረውንም ቃል ፈልጎ እንደ ጻፈ እናያለን (መክ. 12፥10)። ስለዚህ ቃልን መምረጥ ራሱ አንባቢን መውደድ ነው።

ርዕሱና የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር

አንባቢ በርዕሱ ይገባል፤ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይቀመጣል፤ ወይም ተነሥቶ ይሄዳል። «ስለ ትዳር ፍቅር» የሚል ርዕስ ምን ያህል ሰው ያቆማል? «ልጃችን አባቱን በድምፁ ብቻ ያውቀዋል» ብትሉ ግን ሾኔም ደርባንም ያለው አባት ይቆማል። ጥሩ ርዕስ አንድ ሰውና አንድ ጭንቀት በውስጡ አለ። ነገር ግን ርዕሱ ቃል ከገባ ጽሑፉ ይፈጽም። በርዕስ አስደንግጦ በውስጡ ባዶ የሆነ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ያታልላል፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን አንባቢው አይመጣም።

መግቢያውንም አታርዝሙ። ብዙዎቻችን ልጅን ጡት ስለ ማስጣል ለመጻፍ እንኳ ከአዳምና ከሔዋን እንነሣለን! ነገሩ ከሚጀምርበት ጀምሩ። አንድ ጽሑፍ አንድ ሐሳብ ብቻ ይያዝ፤ የቀረውን ለሚቀጥለው ሳምንት አቆዩት።

ለዓይን የሚመች ገጽ

ነቢዩ ዕንባቆም ራእዩን በጽላት ላይ ግልጽ አድርጎ እንዲጽፍ የታዘዘው፣ አንባቢው ሳይቸገር እንዲያነበው ነው (ዕን. 2፥2)። የገጽ መልክ ቅንጦት አይደለም ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የብራና መጻሕፍትን ብታዩ፣ ዳርና ዳሩ ሰፊ ባዶ ቦታ ነው። ጽሑፉ በትልልቆቹ መጻሕፍት ላይ በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ስለሚከፈል ዓይን በመስመሩ ላይ አይጠፋም። የክፍሉ መጀመሪያ በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ በአንዳንዶቹም ላይ ሐረግ ይሣልበታል። አንባቢው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያርፍ ያያል።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም። ፈረንጆች በትልቅ ፊደል የሚለዩትን እኛ የምንለየው በፊደሉ መጠን፣ በድምቀትና በባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ ርዕሱን አጉሉት፤ በየሦስትና በየአራት ዐረፍተ ነገሩ አንቀጽ ክፈቱ፤ ረጅም ከሆነ በንዑስ ርዕስ ከፋፍሉት። አራት ነጥቡን በቦታው አድርጉ። ጥቁር ጽሑፍ በነጭ ላይ ይሁን፤ በአበባ ሥዕል ላይ የተጻፈ ቢጫ ጽሑፍ ያምራል እንጂ አይነበብም። አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍም ይቅር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ጀምሮ ነገሩ እየተስተካከለ መጥቷል፤ ዛሬ በብዙ ስልኮች ላይ ያለ ችግር ይታያል።

ሌላው የኪስ ነገር ነው። 600 ቃላት ያሉት የአማርኛ ጽሑፍ ከ20 ኪሎባይት አይበልጥም። ከስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ግን 3 ወይም 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። አምስት ፎቶ የምትደረድሩ ከሆነ፣ የምታነብላችሁን እናት የካርድ ገንዘብ ትጨርሱባታላችሁ። አንድ ጥሩ ፎቶ፣ እርሱም ተቀንሶ፣ ይበቃል።

ቀኑን ጠብቁ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ብላታ ገብረ እግዚአብሔር የተባሉ ጸሐፊ በእጅ የተጻፈ የአማርኛ ወረቀት እያዘጋጁ ለሰው ያዳርሱ ነበር። በዚያው ዘመን አንድሪያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ በየሳምንቱ 24 ቅጂ በእጁ እየጻፈ ማሰራጨት ጀመረ። «አእምሮ» የሚለውን ስም ያወጡለት ዐፄ ምኒልክ እንደ ሆኑ ይነገራል። ሃያ አራት ቅጂ ብቻ! ዛሬ «አንባቢዬ ሠላሳ ሰው ብቻ ነው» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ጸሐፊ ይህን ያስብ። በ1917 ዓ.ም. የተጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ይወጣ ነበር። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ያሰራጭ የነበረውን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ የሚያስታውሱ ወላጆች በመካከላችን አሉ፤ ሰዓቱ ይታወቅ ስለ ነበር ሰው ሬዲዮኑን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር።

ከእነዚህ የምንማረው ይህን ነው፤ አንባቢ የሚጠብቀው ቀን ይፈልጋል። በአንድ ሳምንት አምስት ጊዜ ጽፎ ለሁለት ወር ከመጥፋት፣ በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ አንድ ጊዜ መጻፍ ይሻላል። ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ወይም ስድስት ጽሑፍ አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ። ልጅ ሲታመም፣ ለቅሶ ሲመጣ፣ መብራት ሲጠፋ ቀኑ እንዳያልፍ ይረዳችኋል።

የቤታችሁን ጓዳ አትክፈቱ

አንባቢ የሚወደው እውነተኛ ኑሮን ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ስም የትዳር ጓደኛን ገመና አደባባይ የሚያወጡ አሉ። የትናንቱን ጠብ ዛሬ ጽፋችሁ ብዙ አንባቢ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ባለቤታችሁ ግን ከዚያ ቀን በኋላ በፊታችሁ መናገር ትፈራለች፤ ወይም ይፈራል። ስለዚህ አንድ ሕግ አብጁ፦ ስለ ቤታችሁ የተጻፈ ማንኛውም ነገር ከመውጣቱ በፊት ባለቤታችሁ ያንብበው፤ «ይህ ይውጣ» የማለትም ሙሉ መብት ይኑረው። ባል በሌላ አገር ቢሆንም አስቀድማችሁ ላኩለት፤ ከሰው አፍ ከሚሰማው ከእናንተ ይስማው። የልጆቻችሁንም ነገር አስቡ። ዛሬ የሚያስቀው ታሪክ ከአሥር ዓመት በኋላ በትምህርት ቤት ጓደኞቹ ፊት ሊያሳፍረው ይችላል።

በጸሎት ጊዜ ልቡን የከፈተላችሁ ሰው ታሪክ ከሆነ ደግሞ ሳያስፈቅዱ መጻፍ ፈጽሞ አይገባም። ስም መቀየር ብቻውን አይሸሽግም። «ባሏ ደርባን ያለ፣ መንታ የወለደች» ካላችሁ ሾኔ ሁሉ ያውቃታል።

ያላጣራችሁትንም ወሬ አታስተላልፉ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ስደተኞች ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑም ተነገረ። «መንገዱ ተከፍቷል» የሚል ያልተጣራ አንድ መስመር ጽሑፍ፣ አንድ ወጣት የአባቱን መሬት አሽጦ ለደላላ እጅ እንዲሰጥ ሊያደርገው ይችላል። ብዙ ሰው የሚያምነው ገጽ ያላችሁ ሰዎች፣ ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

መልስ ተቀበሉ

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆላስይስ የላከው መልእክት በሎዶቅያም እንዲነበብ፣ የሎዶቅያውም በቆላስይስ እንዲነበብ አሳስቦ ነበር (ቆላ. 4፥16)። ጽሑፍ የሚኖረው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ነው። በጽሑፋችሁ መጨረሻ አንድ ጥያቄ ተዉ፤ ባልና ሚስት በዚያ ሳምንት የሚነጋገሩበት ይሁን። መልስ ለሚልክላችሁ ሰው በአጭሩም ቢሆን መልሱለት። የሚተቻችሁንም አትቀየሙት፤ ያልገባውን ቦታ ስላሳያችሁ አመስግኑት። የሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ርዕስ ብዙውን ጊዜ በአንባቢው ጥያቄ ውስጥ ይገኛል። በቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አትሞ የሚለጥፍላችሁ ወንድም ካለም አትርሱት፤ ስልክ የሌላቸው እናቶችና አባቶች የሚያነቡት እዚያ ነው።

እንደ እንሰት

የአካባቢያችን ሰው እንሰትን ያውቃል። ከአንድ ጊዜ በላይ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ይተከላል፤ ለመብል የሚደርሰውም ብዙውን ጊዜ ከ4 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሲደርስ ግን ሌላው ሰብል ባልተሳካበት ዘመንም ቤተሰብን ይመግባል። አንባቢም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ወር የሚያፈራ አይደለም።

እንግዲህ ለመጻፍ የተነሣችሁ ባልና ሚስት፣ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ፦ የምትጽፉለትን የአንድ ሰው ስም፣ የምትጽፉበትን ቀን፣ በገጻችሁ ላይ ፈጽሞ የማይወጣውን የቤታችሁን ነገር። በሦስቱ ከተስማማችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ጀምሩ። ጌታ እጃችሁን ይባርክ!