«በልታ ሞተች» ሲባል

ጎንደር ፒያሳ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ቶሎ ይዛመታል፦ ከስታ አጥንቷ የቀረ ልጅ ቤተሰቦቿ ለምነውና ተቆጥተው ካበሏት በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ አረፈች። ወዲያው «ቡዳ በላት»፣ «መድኃኒት አበሏት» ይባላል። ይህ ፍርድ ሐሰት ነው። ምንም የማታውቅ ጎረቤት ስሟ ይጠፋል፤ ከዚያም የባሰው፣ ቀጣይዋ ታማሚ ሆስፒታል ሳትደርስ መቅረቷ ነው።

እንዲህ ከሚያከሱ ሕመሞች አንዱ የሆነው አኖሬክሲያ ነርቮሳ ሰው ምግብ እያለው ራሱን የሚከለክልበት፣ ክብደት መጨመርን አጥብቆ የሚፈራበት የአእምሮ ሕመም ነው። ስሙን በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሰጠው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ገል ነው። በዚህ ልለፈውና ወደ ገዳዩ ነገር ልምጣ።

በረሃብ የከረመ ሰውነት ስቡንና ጡንቻውን ይበላል። ከሕዋሳት ውስጥ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ቀስ በቀስ ይሟጠጣሉ፤ የደም ምርመራው ግን ደህና ሊመስል ይችላል። ሐኪሙን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። በድንገት እንጀራው፣ ጭማቂው፣ ግሉኮሱ ሲጎርፍ ኢንሱሊን ይመነጫል። ኢንሱሊን ስኳሩን ወደ ሕዋሳት ሲያስገባ ማዕድናቱንም ከደም ውስጥ አብሮ ይስባል። ስኳር ጉልበት የሚሆነው በፎስፌት ነውና፣ የተራቡ ልጆች አንድ ቁራሽ እንደሚሻሙ ሕዋሳቱ ሁሉ የቀረችውን ፎስፌት ይሻማሉ። ያኔ የልብ ምት ይዛባል፤ የመተንፈሻ ጡንቻ ይዝላል። ሰውነት ጨውና ውሃ ስለሚይዝ እግር ያብጣል። ቫይታሚን ቢ1 ካለቀ ደግሞ አእምሮ ይቃዣል። አደጋው የሚያይለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ሐኪሞች ሪፊዲንግ ሲንድረም ይሉታል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከእስር በተፈቱ የተራቡ ምርኮኞች ላይ በግልጽ ታይቷል።

በሰሜን ጎንደር ደጋ ሕፃናትን የሚያክሙ ነርሶች ለዚህ እንግዳ አይደሉም። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ሆስፒታል ሲተኛ መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 የተባለው ወተት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ። ኤፍ-100 ወይም ፕላምፒናት የሚከተለው ሰውነቱ ከተረጋጋ በኋላ ነው። በአኖሬክሲያ ግን በምን ያህል ምግብ ይጀመር በሚለው ሐኪሞች አልተስማሙም። ከመጠን በላይ ማዝገምም ይጎዳልና፣ ደም በየቀኑ በሚመረመርበት ሆስፒታል ዛሬ ከቀድሞው ከፍ ባለ መጠን የሚጀምሩ አሉ። ይህ ለቤት አይሠራም።

ታማሚዎች ስለ ሕክምናው ሲናገሩ ሁለት ነገር ይደጋግማሉ። አንደኛው «ሁለት ጉርሻ ሆዴን ይወጥረዋል» ነው። እውነት ነው፤ በረሃብ የከረመ ጨጓራ ምግብ ወደ አንጀት የሚያሳልፈው በዝግታ ነው። ሁለተኛው፣ ክብደት ሲመለስ ሰው «ዳነች» ሲል ፍርሃቱ ገና አለመልቀቁ ነው። እኛ ዘንድ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ምርቃት ነው፤ ለታማሚዋ ግን የምትፈራው ነገር መድረሱን የሚያረዳ ነው። ረሃብ ራሱ አእምሮን ምን እንደሚያደርግ የታየበት ሙከራ አለ፦ በ1944 እና 1945 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለወራት ምግብ ተቀንሶባቸው ነበር። ከምግብ ሌላ ማሰብ አቃታቸው፤ ብዙዎቹ በድብርት ወደቁ፤ ምግቡ ከተመለሰም በኋላ ብዙዎቹ ለወራት አልተስተካከሉም። ስለዚህ ግትርነት የምንለው ከፊሉ የረሃቡ ሥራ ነው። ሁሉም ግን አይደለም፤ እነዚያ ወንዶች መወፈርን አይፈሩም ነበር።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» ለሚሉም መልስ አለ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲንግ ሊ የተባለ ሐኪም ሆንግ ኮንግ ውስጥ መወፈርን እንፈራለን የማይሉ፣ «ሆዴ ተነፋ» ብለው የማይበሉ ታማሚዎችን ገልጿል። ሕመሙ አንድ ነው ወይስ ሌላ የሚለው ክርክር አልተዘጋም። እኛ ዘንድም ጨጓራ ተብሎ ሊታለፍ፣ በጾም ሊሸፈን ይችላል። ጾም በራሱ በሽታ አይደለም፤ ጾመኛ በፋሲካ ይፈስካል፣ ታማሚዋ ግን ጾሙ ሲፈታ ሌላ ምክንያት ትፈልጋለች።

የአኖሬክሲያ ታማሚዎች ይድናሉ ወይ ለሚለው፣ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመ፣ 119 ጥናቶችንና 5,590 ታማሚዎችን ያካተተ ግምገማ፣ በሕይወት ከቆዩት ከግማሽ ጥቂት ያነሱት ሙሉ በሙሉ እንደሚድኑ፣ ሲሶው ያህል እንደሚሻላቸው፣ አንድ አምስተኛው ገደማ ደግሞ ሕመሙ እንደሚቆይባቸው አሳይቷል።

እንግዲህ ለወራት የከሳች፣ የወር አበባዋ የቀረ፣ ስትነሳ የሚያዞራት ልጅ ካለችዎት ማዕድ ላይ አያስጨንቋት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ ምግብ ከመጨመሩ በፊትም ከተጨመረ በኋላም ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይለኩላት ዘንድ ይጠይቁ፤ የአእምሮ ሐኪምም ይያት። ጾም ከያዘች ንስሐ አባቷን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ከጾም የመፍታት ሥልጣን አላቸው። ክብደቷ ሲመለስም ክትትሉን አያቋርጡ።